ለየቀኑ የሚያዝ ትንሽ ሽጉጥ፦ ለአድማጮች ጥያቄ የተሰጡ መልሶች

ባለፈው የቀጥታ ስልክ ዝግጅት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሚኖሩ አድማጮች ፈቃድ አውጥተው በልብስ ሥር ስለሚይዙት ሽጉጥ በርካታ ጥያቄዎች ቀርበውልኛል። ሰዓቱ አጭር ስለነበረ በአየር ላይ በችኮላ የመለስኳቸውን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌአቸዋለሁ። በተኩስ አሠልጣኝነቴ አብዝቼ የምሰጋለት ሰው ሽጉጡን ትንሽና ቀላል ስለሆነ ብቻ የገዛ፣ ከገዛም በኋላ አንድ ቀን እንኳ ሳይተኩስበት ይዞት የሚዞር ሰው ነው፤ ስለዚህ መልሶቼ ደጋግመው ወደዚያው ጉዳይ ቢመለሱ አድማጮች ይታገሡኝ።

ጥያቄ፦ በሲልቨር ስፕሪንግ አነስተኛ ግሮሰሪ አለኝ። ማታ ማታ የቀኑን ሽያጭ ይዤ እወጣለሁ። ገበያ ላይ ካሉት ሁሉ ትንሿንና ቀላሏን ልገዛ አስቤአለሁ፤ ልክ ነኝ?

መልስ፦ የሚከብድ ሽጉጥ ውሎ አድሮ መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀር ስለማውቅ፣ ቀላል መፈለግዎ ይገባኛል። ነገር ግን ወገብዎ የተገላገለውን ክብደት በተኩስ ጊዜ እጅዎ ይከፍለዋል። ሽጉጥ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይራገጣል። ያው አንድ ዓይነት ጥይት ክብደቱ በግማሽ ከቀነሰ ሽጉጥ ቢተኮስ የርግጫው ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ ይህ የማንም አምራች ጥበብ የማይሽረው የተፈጥሮ ሕግ ነው። ብዙዎቻችን ከአገር ቤት የምናውቀው ማካሮቭ ባዶውን 730 ግራም ያህል ይመዝናል። ሩገር የተባለው ኩባንያ በ2008 (የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ ያቀረበው ኤልሲፒ የሚባለው ሽጉጥ ደግሞ 270 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ኪስ ውስጥ መኖሩ አይታወቅም፣ ነገር ግን መያዣው ለሁለት ጣት ብቻ የሚበቃ፣ ማነጣጠሪያው እጅግ ትንሽ፣ ርግጫውም መዳፍን የሚያቃጥል ነው። ሠልጣኞቼ በእንዲህ ያለው ሽጉጥ ሁለት ካርታ (የጥይት ማስቀመጫ) ሙሉ ጥይት ከተኮሱ በኋላ እጃቸው ቃታውን ገና ሳይስብ መሸማቀቅ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ጥይቱ ከዒላማው በታች ያርፋል።

ለእርስዎ የምመክረው ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ነው። ሲግ ሳወር በ2018 ያወጣው ፒ365 ባዶ ካርታው ተጨምሮ 500 ግራም ያህል ሆኖ በካርታው 10፣ በአፈሙዙ ሥር አንድ ተጨማሪ ጥይት ይይዛል። ከእርሱ በፊት በዚህ መጠን የነበሩ ቀጫጭን የ9 ሚሊሜትር ሽጉጦች በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ጥይት ይይዙ ስለነበረ፣ ይህ ሽጉጥ ገበያውን ለወጠው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2019 ስፕሪንግፊልድ ሄልካትን፣ በ2021 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ፕላስን ያወጡት በዚሁ መንገድ ነው። ከእነዚህ መካከል የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ ብዙ ክርክር አያስፈልግም፤ ሦስቱንም በሚያከራይ የተኩስ ሜዳ እያንዳንዳቸውን ሃምሳ ሃምሳ ጊዜ ተኩሰው፣ በአምስት ሜትር ርቀት ጥይቶቹን በአንድ ሰሐን ስፋት ውስጥ የሰበሰቡበትን ይግዙ። የሱቁ ሻጭ የሚነግርዎትን ክብደት ደግሞ እንዳለ አይውሰዱት፤ አንድ የ9 ሚሊሜትር ጥይት 12 ግራም ያህል ስለሆነ፣ 10 ጥይት ሲሞላበት 120 ግራም ይጨምራል።

ሜሪላንድ ነዋሪ ስለሆኑ ሦስት ነገሮች ልጨምር። ለመግዛት ብቻ የሽጉጥ ብቃት ፈቃድ ያስፈልግዎታል፤ ይዞ ለመንቀሳቀስ ግን ከክልሉ ፖሊስ ሌላ ፈቃድ ማውጣትና ለዚያም የ16 ሰዓት ሥልጠና መውሰድ ግዴታ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጁን 23 ቀን 2022 ውሳኔ አመልካች «በቂና ከባድ ምክንያት» እንዲያቀርብ የሚጠይቀውን አሠራር አስቀረ እንጂ ሥልጠናውን አላስቀረም። እንዲሁም በሜሪላንድ የሚሸጥ ዘመናዊ ሽጉጥ በክልሉ የተፈቀዱ ሽጉጦች መዝገብ ላይ የሰፈረ መሆን አለበት፤ በቨርጂኒያ ሱቅ አይተው የወደዱት ሁሉ እዚህ ላይሸጥልዎ ይችላል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ ገንዘቡን ባንክ የሚያስገቡበትን ሰዓትና መንገድ ይለዋውጡ፣ በሚቻልዎ ቀን በብርሃን፣ ከሰው ጋር ይሂዱ። ሌባ የሚያጠናው የለመደ ልማድን ነው፣ ያንን ደግሞ ሽጉጥ አያስተካክለውም።

ጥያቄ፦ እኔ የ67 ዓመት ሴት ነኝ፤ የጣቶቼ መገጣጠሚያ ያመኛል። ልጄ ይዞኝ ሱቅ ሄደን፣ «ለሴት ትንሿ ትሻላለች» ብለው የሰጡኝን ሽጉጥ ማቀባበል አቃተኝ። እኔ ላይ ያለ ችግር ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ችግሩ ከእርስዎ አይደለም፤ ምክሩ ነው የተሳሳተው። ትንሽ ሽጉጥ ለትንሽ ወይም ለደካማ እጅ ይቀላል የሚለው አባባል በጣም የተለመደ፣ በጣምም የተሳሳተ ነው። ጥይት ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚሸሸው የላይኛው ብረት ትንሽና ቀላል በሆነ መጠን፣ ፍጥነቱን የሚገታው ጠመዝማዛ ሽቦ የበለጠ ጠንካራ መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ ትንሿ ሽጉጥ ከትልቋ ይልቅ ለመሳብ ትከብዳለች። በተለይ አፈሙዛቸው ከአካላቸው ጋር የተጣበቀ አሮጌ አሠራር ያላቸው ትናንሽ ሽጉጦች ብረቱን የሚይዝላቸው ክብደትና ሽቦ ብቻ ስለሆነ እጅግ ይጠነክራሉ።

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ2018 ያወጣው ሺልድ ኢዜድ የተባለው ሽጉጥ የተሠራው እንደ እርስዎ ላለ እጅ ታስቦ ነው። 380 በሚባል፣ ከ9 ሚሊሜትር ኃይሉ ዝቅ ባለ ጥይት ይሠራል፣ ክብደቱም ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል፤ ብረቱ በቀላሉ ይሳባል፣ ካርታውን በጥይት መሙላትም ጣት አይጎዳም። አያያዙንም ይለውጡ፤ ብረቱን በሁለት ጣት ጫፍ ቆንጥጦ ከመሳብ ይልቅ በግራ መዳፍዎ ሙሉ ከላይ ጨብጠው፣ ሽጉጡን ወደ ደረትዎ አስጠግተው፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አድርገው፣ ጣትዎን ከቃታው አርቀው፣ በቀኝ እጅዎ መያዣውን ወደ ፊት ይግፉት። መሳብ ያቃታቸው ብዙ ሰዎች መግፋት ሲሞክሩ ይሆንላቸዋል።

«ሪቮልቨር (ጥይቱን በሚሽከረከር ከበሮ የሚይዝ ሽጉጥ) ማቀባበል የለበትም» ብለው የሚመክሩዎትም ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን እንደ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ያሉት ትናንሾቹ 5 ጥይት ብቻ የሚይዙ፣ 410 ግራም ያህል የሚመዝኑና ቃታቸውን ለመሳብ ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት የሚጠይቁ ናቸው። የሚያመው ጣትዎ ስለሆነ ለእርስዎ አልመርጣቸውም።

ጥያቄ፦ 380 የሚባለው ጥይት ይበቃል ወይስ 9 ሚሊሜትር መሆን አለበት? ማካሮቭም 9 ነበር፤ ጥይታቸው አንድ ነው?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፣ አደጋ አለበትና። ስሙ 9 ቢሆንም የማካሮቭ ጥይት ቀለሁ 18 ሚሊሜትር፣ እዚህ አገር 9 ሚሊሜትር የሚባለው 19፣ 380 የሚባለው ደግሞ 17 ሚሊሜትር ርዝመት አላቸው፤ የማካሮቭ እርሳስ ውፍረቱም ከሁለቱ ትንሽ ይበልጣል። አንዱ በሌላው ሽጉጥ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም። በአፈሙዙ ላይ የተቀረጸውንና በጥይቱ ቂጥ ላይ የተጻፈውን አመሳክራችሁ ግዙ።

9 ሚሊሜትር ከ380 የበለጠ ኃይል እንዳለው አያከራክርም፤ የልምምድ ጥይቱም በአብዛኛው ረከስ ስለሚል ብዙ ያስለምዳል። ርግጫውን ችሎ በትክክል የሚተኩስ ሰው 9ኙን ይያዝ። በ9 ሚሊሜትር የሚስት፣ በ380 ግን የሚመታ ሰው ደግሞ ያለ ምንም ኀፍረት 380 ይያዝ።

ጥያቄ፦ ኪሴ ውስጥ ወይም ባለቤቴ በእጅ ቦርሳዋ ብንይዘው ምን አለበት?

መልስ፦ የቃታውን ዙሪያ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን አፎት ሳይኖር ሽጉጥ ኪስ ውስጥ አይገባም። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በአንድ ኪስ የነበረ ሽጉጥ በባለቤቱ ጭን ላይ ሊባርቅ ይችላል። ኪስ ከመረጡ ለኪስ የተሠራ አፎት ይግዙ፤ ያ ኪስም ሌላ ምንም ነገር አይግባበት። ከሁሉ የምመርጠው ግን ከሱሪው ውስጥ በወገብ የሚታሰር፣ ደረቅ ፕላስቲክ የሆነ፣ በጠንካራ ቀበቶ የሚያዝ አፎት ነው። የግማሽ ኪሎ ሽጉጥ በልፍስፍስ ቀበቶ ሲንጠለጠል አንድ ኪሎ ይመስላል፤ «ከበደኝ» ብለው ወደ ትንሿ ሽጉጥ የሚሸሹ ብዙ ሰዎች መለወጥ የነበረባቸው ቀበቶአቸውን ነበር።

ስለ ቦርሳው አቋሜ ጥብቅ ነው። ቦርሳ ይነጠቃል፣ ወንበር ላይ ይረሳል፣ ልጆች ከረሜላ ፍለጋ ይከፍቱታል። ባለቤትዎ ከሰውነቷ ጋር የምትይዝበትን መንገድ ካላገኘች ባትይዝ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በአሌክሳንድሪያ የምኖር ሾፌር ነኝ፤ የቨርጂኒያ ፈቃድ አለኝ። መኪናዬ ውስጥ ይዤ መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ስላነሣህ አመሰግንሃለሁ፣ ብዙ ወገኖቻችንን ይመለከታልና። የቨርጂኒያ ፈቃድ የሚሰጠው በመኖሪያ አካባቢህ ሰርኪት ፍርድ ቤት ነው፤ ለ5 ዓመት ያገለግላል። ነገር ግን ዋሽንግተን ዲሲም ሆነ ሜሪላንድ የሌላ ክልል ፈቃድ አይቀበሉም። ተሳፋሪህ ከቨርጂኒያ ተነሥቶ በ14ኛው ጎዳና ድልድይ ፖቶማክን ሲያሻግርህ፣ ከወንዙ ወዲህ ሕጋዊ የነበረው ሽጉጥ ከወንዙ ወዲያ የወንጀል ማስረጃ ይሆናል። በዲሲ ለመያዝ የዲሲ ፖሊስ የሚሰጠውን ፈቃድ ማውጣት፣ 16 ሰዓት በክፍልና 2 ሰዓት በተኩስ ሜዳ መሠልጠን፣ ሽጉጡንም ማስመዝገብ ይጠይቃል፤ የክልሉ ነዋሪ ያልሆነም ማመልከት ይችላል።

የምትሠራው በኡበር ወይም በሊፍት ከሆነ ግን ፈቃድ ቢኖርህም ሁለቱ ድርጅቶች በሥራ ላይ መሣሪያ መያዝን ይከለክላሉ፤ የሥራ መለያህ ሊዘጋ ይችላል። ሌላም አለ፤ በቨርጂኒያ ሽጉጥ ደብቆ ምግብ ቤት የገባ ሰው መጠጥ መቅመስ አይፈቀድለትም፣ አንዲት ቢራም ብትሆን። ከሥራ መልስ ክትፎ ቤት ጎራ የምትል ከሆነ ይህን አትርሳ።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ አለኝ፤ መግዛት እችላለሁ? ወረቀት ላልጨረሰው ታናሽ ወንድሜስ ልግዛለት?

መልስ፦ ሌላ የሕግ መሰናክል ከሌለብዎ፣ የፌዴራል ሕግ ቋሚ ነዋሪ ሽጉጥ እንዳይገዛ አይከለክልም። በጉብኝት፣ በትምህርት ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ሕጋዊ መኖሪያ የሌለው ሰው ደግሞ በማናቸውም መንገድ መሣሪያ መያዝ አይችሉም። በቤት ውስጥ ጥቃት በቀላል ወንጀል እንኳ የተፈረደበት ሰው በአጠቃላይ ይከለከላል። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ያነጋግር።

ለወንድምዎ መግዛቱን ግን ፈጽሞ አያስቡት። ገዢው ራሴ ነኝ ብሎ ፈርሞ ለሌላ መግዛት የፌዴራል ወንጀል ነው፤ በ2022 የወጣው ሕግ ቅጣቱን እስከ 15 ዓመት እስራት አድርሶታል። ዜግነት ለሌለው ሰው ደግሞ መዘዙ በእስራት አያበቃም፤ ሕግ ተላልፎ መሣሪያ በመግዛት ወይም በመያዝ መፈረድ በራሱ ከአገር ለመባረር ምክንያት ነው፣ ግሪን ካርድም አያድንም። በወንድም ፍቅር የተደረገ ነገር ሁለቱንም ወንድማማች ከልጆቻቸው ሊለይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ለእረፍት አዲስ አበባ ስሄድ ይዤው ብሄድስ?

መልስ፦ አይውሰዱት። ከአሜሪካ ማውጣቱ በዚህ አገር የውጭ ንግድ ቁጥጥር ሕግ፣ ማስገባቱ ደግሞ በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው፤ የአሜሪካ ፈቃድዎ ቦሌ ላይ ምንም አይሠራም።

ጥያቄ፦ የ4 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ። ማታ ቤት ስገባ ሽጉጡን ቁም ሣጥን ላይ ባስቀምጠው ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወንበር ይስባል፣ አባቱ የሚደብቅበትን ቦታም ከአባቱ በፊት ያውቃል። ትንሽ ሽጉጥ ደግሞ በልጅ ዓይን አሻንጉሊት ትመስላለች። ከወገብዎ ሲያወርዱት ወዲያው በኮድ ወይም በጣት አሻራ የሚከፈት፣ ከግድግዳ ወይም ከአልጋ እግር ጋር የታሰረ የብረት ሣጥን ውስጥ ይግባ። እኔ ለሠልጣኞቼ ሣጥኑ ሳይገዛ ሽጉጡ እንዳይገዛ እነግራቸዋለሁ፤ ዋጋውንም ከሽጉጡ ዋጋ ጋር አብረው እንዲደምሩት እጠይቃለሁ። የቨርጂኒያ ሕግም ከ14 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ለአደጋ በሚያጋልጥ ሁኔታ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ በግዴለሽነት የሚተውን ሰው በወንጀል ይጠይቃል።

ስለ ትልልቆቹም ልናገር። በቤቱ ውስጥ በከባድ ሐዘን ወይም በጭንቀት ውስጥ ያለ፣ ስለ ሞት የሚያወራ ሰው ካለ፣ ሽጉጡ ያ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ከቤት ይውጣ፤ በሕጋዊ መንገድ ማቆያ ቦታ ስለማግኘት በአቅራቢያ ያለ ሱቅ ወይም ፖሊስ ይጠየቅ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ከባድ ጭንቀት ላለበት ሰው እርዳታ በሚሰጠው የስልክ መስመር በ988 መደወል ደግሞ በማናቸውም ሰዓት ይቻላል፤ ደዋዩ አስተርጓሚም ሊጠይቅ ይችላል።