ሽሮው ሥጋ የለውም ተብሎ ስንት ነጥብ ይቆረጣል?

[በር ይዘጋል። ከሩቅ የባጃጅ ጡሩምባ።]

እሱ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ከቱሉ ዲምቱ ነን፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት። ስቱዲዮ የምንለው የእህቴ መኝታ ቤት ነው። መስኮቱን ዘግተናል፣ ባጃጁን ግን መዝጋት አልቻልንም።

እሷ፦ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለናል። ለድምፅ ነው።

እሱ፦ ለድምፅ ነው። የዛሬው ወሬ ባለፈው ሳምንት የተረፈ ነው። ማይኩን ካጠፋን በኋላ "ከባድ ጌም የሚወድ ሰው መገረፍ የሚወድ ሰው ነው" ብለሽኝ ነው የተለያየነው።

እሷ፦ አሁንም እላለሁ። ሥራ ውዬ፣ ታክሲ ተሰልፌ፣ ቤት ገብቼ ደግሞ በጌም ልደብደብ?

እሱ፦ እሺ፣ ከአንድ ታሪክ ልነሳ። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። ዙሪያው ቆርቆሮ። አራት ቴሌቪዥን፣ አንዱ ሁሉንም ነገር አረንጓዴ አድርጎ የሚያሳይ።

እሷ፦ ያ አረንጓዴ የሌለበት ፕሌይስቴሽን ቤት አላየሁም።

እሱ፦ ሕጉን ታውቂዋለሽ። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። አንድ ቀን ባለቤቱ የተገለበጠ ሲዲ ይዞ መጣ። "አዲስ የድብድብ ጌም!" አለ። ጎድ ሃንድ ይባላል። ተሻምተን ሁለት ጆይስቲክ ያዝን። ጌሙ ተከፈተ። ሁለተኛው ጆይስቲክ አይሠራም።

እሷ፦ ተበላሽቶ?

እሱ፦ አልተበላሸም። ጌሙ የአንድ ሰው ነው። ታዲያ ድብድብ ለሁለት ካልሆነ ምኑን ድብድብ ሆነ? በዚያ ላይ ካሜራው ከተደባዳቢው ጀርባ ተለጥፎ አይላቀቅም። ከኋላ የመጣውን አታዪውም። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ተዘረርን። ደግሞስ ማን ይክፈል? ከማሽን ጋር ስትጫወቺ ሁሌም ከፋይዋ አንቺ ነሽ። "ቀሽም ነው" ተባለ። ሲዲው ወጣ፣ ፊፋ ገባ።

እሷ፦ ፍትሐዊ ፍርድ ነው።

እሱ፦ ቆይ። ከስንት ዓመት በኋላ ኢንተርኔት ላይ ሳገላብጥ፣ ትልቁ የጌም ድረ ገጽ አይጂኤን ለዚሁ ጌም ስንት ሰጥቶ አገኘሁ መሰለሽ? ከ10 3። ዓመቱ 2006 ነው፤ ዛሬ ዓመት ስጠራ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ። የሰፈራችን ልጆችና የአሜሪካ ሃያሲ አንድ ሐሳብ ሆኑ።

እሷ፦ ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች አንድ ቃል ከሰጡ እኮ ተፈረደ።

እሱ፦ ሁለቱም የመሰከሩት ስለሌላ ጌም ነው! እኛ እንደ ተከን ለሁለት የሚደባደቡበትን ጌም ጠብቀን ነበር። ሃያሲው ደግሞ፣ እንደሚመስለኝ፣ ካሜራውን እንደልብ የሚያዞሩበትን የዘመኑን የአክሽን ጌም በልቡ ይዞ ነው የተቀመጠው። አሁን ጌሙ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ። በሌላ ጌም የጆይስቲኩ የቀኟ ዱላ ካሜራ ታዞራለች። እዚህ ጭንቅላት ታዞራለች። ቡጢ ሲመጣ አንገትሽን ሰበቅ ታደርጊያለሽ፣ ወደኋላ ትዘያለሽ፣ ጎንበስ ትያለሽ። መከላከያ የሚባል ቁልፍ የለም። ካሜራው የተጣበቀው ለዚህ ነው። ጀርባሽ ስለማይታይ መቆሚያሽን ታስቢያለሽ። አምስት ሰው መሀል አትገቢም። አንድ በአንድ ወደ ጥግ ታወጫቸዋለሽ።

እሷ፦ ይኼ የእውነት ጠብ ነው።

እሱ፦ በቃ እሱ ነው። ደግሞ ጥግ ላይ አንዲት መለኪያ አለች። ጎበዝ ስትሆኚ ጌሙ እዚያው በዚያው ይከብዳል፤ ስትመቺ ይለሳለሳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትላለች፣ ከሦስት በላይ "ሙት" ነው የሚለው ጽሑፉ። ምቱንም ራስሽ መርጠሽ ነው የምትደረድሪው፤ ከመቶ በላይ ምት አለ። የሠራው ሰው ማን ነው? ሺንጂ ሚካሚ። ሬዚደንት ኢቭል የሚባለውን ታዋቂ ጌም የሠራው። ካሜራ ማዞር ሳይችል ቀርቶ አይደለም እኮ።

እሷ፦ አሁን ሰምና ወርቅ እንዳትለኝ ብቻ። "ሃያሲው ሰሙን ሰማ፣ ወርቁን አልሰማም" ልትል አፍህ ላይ ደርሷል።

እሱ፦ [ሳቅ] ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። በሽሮ ልተካው። ሽሮ ቤት ገብቶ "ሥጋ የለውም" ብሎ ነጥብ የሚቆርጥ ሰው አለ።

እሷ፦ ሽሮው ቀጥኖ ቢሆንስ?

እሱ፦ ምን ማለትሽ ነው?

እሷ፦ "ሥጋ የለውም" ማለት ቂልነት ነው፣ እሺ። "ሽሮው ቀጥኗል" ማለት ግን ሂስ ነው። እናንተ የከባድ ጌም ጠበቆች ሁለቱን ታምታታላችሁ። የሆነ ጌም ሲነቀፍ ወዲያው "አልገባችሁም!" ነው። አንዳንዱ እኮ በቃ ቀጭን ሽሮ ነው።

እሱ፦ ... ልክ ነሽ። ጎድ ሃንድም ራሱ የቀጠነ ቦታ አለው። መንደሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ግድግዳ፣ አንድ ዓይነት ጥቁርና ቡናማ። እሱን የነቀፈ አልበደለም። የኔ ጥያቄ ሽሮውን በሽሮነቱ ቅመሱት ነው። ያም ሆነ ይህ፣ አሳታሚው ካፕኮም፣ ጌሙ በወጣበት ወር ገደማ፣ ጌሙን የሠራውን ክሎቨር ስቱዲዮን እንደሚዘጋ አስታወቀ። 3ቱ ነጥብ ዘጋው አልልም፤ ገበያም አለ። ግን ያናድዳል።

እሷ፦ አሁን እኔ ልናገር። ስለ ጎድ ሃንድ አላውቅም። አንድ ጌም ግን አለ፣ እሱን ሲሰድቡት የምናደድ።

እሱ፦ አንቺ? ከባድ ጌም?

እሷ፦ ዴዝ ስትራንዲንግ። የአክስቴ ልጅ ጋ ነው የተጫወትኩት። 2019 የወጣ ነው፣ የሂዴዎ ኮጂማ። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ሜታል ጊር ሲሠራ የኖረ፣ መሣሪያና ሽምቅ ውጊያ። ይሠራበት ከነበረው ከኮናሚ ኩባንያ ወጥቶ በራሱ ስቱዲዮ የመጀመሪያውን ጌም ሲያመጣ ምን አመጣ? ዕቃ አድራሽ። ሳም የሚባል ሰው ዕቃ ተሸክሞ ተራራ ለተራራ ይሄዳል። አንዳንዱ ሃያሲ ሙሉ ነጥብ ሰጠው፤ ሌላው ግን "መራመድ ብቻ ነው"፣ "የፖስታ ሥራ ነው" ብሎ ቀለደበት።

እሱ፦ እና ውሸት ነው? መራመድ እኮ ነው።

እሷ፦ መራመድ ነው! ግን ተሸክሞ መራመድ ነው። እስቲ ውኃ በጠፋ ሳምንት ሃያ አምስት ሊትር ጄሪካን ይዘህ አራተኛ ፎቅ ውጣ። ሊፍት የለም። ግራ እጅህ ሲዝል ሰውነትህ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃዋ የተሸረፈች አለች፤ እግርህ ያውቃታል። ያንን ስሜት ነው ጌም ያደረገው። ጭነቱ ወደ ግራ ሲስብህ በቀኝ ጣትህ ትይዛለህ፣ ወደ ቀኝ ሲስብ በግራ። ብዙ ከጫንክ ትንገዳገዳለህ። ጫማህ ያልቃል። ዝናቡ የዕቃውን ሣጥን ይበላዋል። "ይኼ ጌም አይደለም" ያለው ሰው ጄሪካን ተሸክሞ አያውቅም።

እሱ፦ [ሳቅ] ይኼን ለኮጂማ መላክ አለብን።

እሷ፦ አልጨረስኩም። ክረምት ላይ ከአስፋልቱ እስከ ብሎካችን ያለውን ጭቃ ታውቀዋለህ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጭቃው ላይ ድንጋይ ጣል ጣል ተደርጓል። ማን እንዳደረገው አላውቅም። ረግጬ አለፍኩ፣ ጫማዬ ተረፈ። በማግስቱ አንዷ ድንጋይ ሰጥማ ስለነበር እኔም አንድ ብሎኬት ጨመርኩ። ጌሙ ልክ እንደዚህ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ደርሰህ "አለቀልኝ" ስትል መሰላል ተደግፎ ታገኛለህ። የሆነ ሌላ ተጫዋች፣ የሆነ አገር፣ ለራሱ ብሎ የተከለው ነው። ሰውየውን መቼም አታገኘውም። ማድረግ የምትችለው ላይክ መስጠት ብቻ ነው። መንገዱ ቀላል ቢሆን ኖሮ መሰላሉ ምን ይሠራልኛል?

እሱ፦ ስለዚህ ክብደቱን አወጣሽው ማለት...

እሷ፦ ክብደቱን ካወጣኸው ምስጋናውም አብሮ ይወጣል።

እሱ፦ አየሽ? አሁን ጠበቃ ሆንሽ።

እሷ፦ ለአንድ ጌም ብቻ። አታስፋው።

እሱ፦ እኔ ደግሞ ልጨምር፣ ቶሎ እላለሁ። ዲመንስ ሶልስ የሚባል ከባድ የሰይፍ ውጊያ ጌም፣ 2009፣ ፕሌይስቴሽን 3። ገንዘቡ የሶኒ ነው። ከሶኒ ትልልቅ ኃላፊዎች አንዱ የነበረው ሹሄይ ዮሺዳ በኋላ ራሱ አምኗል፤ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል ተጫወተው፣ ገና መጀመሪያው ላይ ተጣብቆ ቀረ፣ "ይኼማ አይረባም" አለ። ሶኒ ጃፓን ውስጥ አወጣው እንጂ አሜሪካ ላይ ለሌላ ኩባንያ ለአትለስ ተወው። በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ ግን ሶኒ አብሮ ካቀረባቸው ጌሞች አንዱ የዚሁ አዲስ እትም ነበር።

እሷ፦ ሰውየው ግን ሐቀኛ ነው። ስንቱ ተሳስቶ ይክዳል። ግን አንድ ነገር መልስልኝ። ሃያሲ እኮ ሰው ነው፤ ቀነ ገደብ አለው። አንባቢውም ብሩን ሊያወጣ ነው። እዚህ ሰፈር በሰዓት የሚከፍል ልጅ አንድ ባላባት ሠላሳ ጊዜ እየገደለው ብሩ ሲያልቅ "ጥልቅ ሥራ ነው" ልትለው ነው?

እሱ፦ አልለውም። ፊፋ ተጫወት ነው የምለው። እውነቴን ነው። እሱ "ለብሬ አይሆንም" ቢል ልክ ነው። ሃያሲው "ለብራችሁ አይሆንም" ብሎ ቢጽፍም አልጣላውም። የምጣላው "ጌም እንዲህ አይሠራም" ሲል ነው።

እሷ፦ ጣቱ እንደልብ የማይታዘዝለት ሰውስ? "ካልቻልክ ተወው" የሚሉ የሶልስ አፍቃሪዎች አሉ። እነሱ ከሃያሲው ይብሳሉ።

እሱ፦ ይብሳሉ። ሴለስት የሚባል ጌም አለ፣ 2018፣ ተራራ የምትወጣ ልጅ። በጣም ከባድ ነው። ግን የፈለገ ሰው ጌሙን አዝግሞ ወይም ሳይሞት እንዲጫወት ማስተካከያ ውስጥ አስቀምጠውለታል። ተራራው ከፍታው አልቀነሰም። ደግሞ የሚገርመው ከዲመንስ ሶልስ ወዲህ ከባድነት ራሱ ዘውግ ሆነ፤ የነዚሁ ሠሪዎች ኤልደን ሪንግም በ2022 ወጥቶ የዓመቱ ጌም ተባለ። ዘውጉን ሶልስላይክ ይሉታል፣ ሶልስን የሚመስል ማለት ነው። አሁን አዲስ ጌም ሲመጣ "ሶልስን አይመስልም" ተብሎ ነጥብ ይቆረጥበታል። የተገፋው ልጅ አድጎ ገፊ ሆነ።

እሷ፦ አማት የሆነች ምራት በለው።

እሱ፦ [ሳቅ] እሱ ይሻላል። አንድ የሩሲያ ጌም ልንገርሽና እናብቃ። ፓቶሎጂክ፣ 2005። አንድ ከተማ ውስጥ ወረርሽኝ ገብቷል፣ ሐኪም ነሽ፣ 12 ቀን አለሽ። ይርብሻል፣ ይደክምሻል። ዳቦ ለመግዛት ሱቅ ትሄጃለሽ፣ በማግስቱ ስትመለሺ ዋጋው ተሰቅሏል።

እሷ፦ ለዚህ ጌም አያስፈልገኝም። ዘምቢል ይዤ እወርዳለሁ።

እሱ፦ [ሳቅ] እሺ፣ ፓቶሎጂክን ተዪው። ጎድ ሃንድን ግን እንድትሞክሪ ሲዲውን ይዤልሽ መጥቻለሁ። ያቺ የድሮዋ ፕሌይስቴሽን 2 አሁንም ትሠራለች አይደል?

እሷ፦ ክዳኗ ላይ ድንጋይ ካስቀመጥክባት ትሠራለች። ሁለት ሰዓት እሰጠዋለሁ።

እሱ፦ የሶኒው ሰውዬም ሁለት ሰዓት ነው የሰጠው።

እሷ፦ እሺ፣ ሦስት። ሜሞሪ ካርድ ግን የለኝም።

እሱ፦ የኔን ውሰጂ። 8 ሜጋባይት ናት፣ ሞልታለች ማለት ይቻላል። እዚያ ከተቀመጡት የፊፋ ሴቮች አንዱ የታናሽ ወንድሜ ነው። ስድስት ሲዝን ተጫውቶበታል። ቦታ ጠበበኝ ብለሽ እሱን እንዳትነኪ።

እሷ፦ የትኛው ነው የሱ?

እሱ፦ ስም አልሰጠውም። አንድ ላይ ተደርድረዋል።

እሷ፦ ስንት ናቸው?

እሱ፦ አራት።

እሷ፦ ደውልለት። አሁኑኑ ደውልለት።

[ስልክ ይጠራል።]