ወረቀቱን ገልብጡት፦ የማሳቹሴትስ የስቴት ምርጫ መጥሪያና በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ጀርባ የሚመጡት ጥያቄዎች

[በስክሪኑ፦ በታውን ሆል ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ፣ በጥቃቅን ፊደል የታተመ ባለ ብዙ ገጽ ወረቀት]

በማሳቹሴትስ ታውኖች የስቴት ምርጫ ሲቃረብ፣ ታውን ሆል በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ይህን የመሰለ ወረቀት ይለጠፋል። ብዙ ሰው የግብር ማስታወቂያ መስሎት ያልፈዋል። የምርጫ መጥሪያ ነው። ሴሌክት ቦርድ የሚባለው የታውኑ አስተዳደር ይፈርምበታል፣ ኮንስታብል የሚባለው የታውኑ ትእዛዝ አስፈጻሚ ይለጥፈዋል። ይህም ከምርጫው ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ መጠናቀቅ አለበት።

[ካሜራው ወደ ወረቀቱ ራስጌ ይጠጋል]

አጻጻፉ የድሮ ነው። ለኮንስታብሉ «በኮመንዌልዙ (በማሳቹሴትስ ስቴት) ስም፣ ለመምረጥ ብቁ የሆኑትን ነዋሪዎች እንድታሳውቅና እንድታስጠነቅቅ ታዘሃል» ብሎ ይጀምራል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ትእዛዙን ሳያጓድል እንዲፈጽምና የፈጸመውን ጽፎ እንዲመልስ ይነግረዋል። ስለዚህ ከግርጌው ኮንስታብሉ የት የት እንደለጠፈና በስንት ቀን እንደለጠፈ የጻፈበት፣ የፈረመበትም ቦታ አለ። በአገር ቤት አዋጅ ነጋሪ ነጋሪት ጎስሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እንዳለው ሁሉ፣ እዚህም ሕዝብ ሳይጠራ ምርጫ አይደረግም። እንደ ቦስተንና ኬምብሪጅ ባሉ ሲቲዎች የአጠራሩ ሥርዓት ይለያል፤ ለመራጩ የሚነግረው ነገር ግን ያው ነው።

መጥሪያው መጀመሪያ ቦታውን ይነግራችኋል፦ የትኛው የምርጫ ቀጠና በየትኛው ትምህርት ቤት ወይም አዳራሽ እንደሚመርጥ። ቀጥሎ ቀኑ ይመጣል። የስቴት ምርጫ የሚደረገው በጎዶሎ ባልሆኑ የፈረንጅ ዓመታት፣ ከኖቬምበር የመጀመሪያ ሰኞ በኋላ ባለው ማክሰኞ ነው። የ2024ቱ ኖቬምበር 5 ቀን ነበር። ምርጫ ጣቢያው ጠዋት በ7 ሰዓት ተከፍቶ ማታ በ8 ይዘጋል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ለእናትና አባቶች በስልክ ስትነግሩ በየትኛው ሰዓት እየቆጠራችሁ እንደሆነ አስረግጣችሁ ንገሩ። 8 ሰዓት ሲሞላ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ሳይመርጥ አይመለስም።

ከዚያ የሥልጣን ቦታዎቹ ይዘረዘራሉ፤ ፕሬዚዳንት፣ ሴናተር፣ የስቴት ምክር ቤት አባል እያለ ይወርዳል። ይህን ክፍል ሰው ያውቀዋል። የዛሬው ጉዳያችን ከሱ በኋላ ያለው ነው፤ ጥያቄዎቹ።

[በስክሪኑ፦ የ2024 ጥያቄዎች ከ1 እስከ 5]

በ2024 አምስት ጥያቄዎች ነበሩ። የመጀመሪያው የስቴቱ ኦዲተር ምክር ቤቱን ኦዲት እንዲያደርግ ሥልጣን ይሰጥ ነበር፤ አለፈ። ሁለተኛው ኤምካስ የሚባለው ፈተና ለሃይስኩል ምርቃት ግዴታ መሆኑን የሚያነሣ ነበር፤ አለፈ። ሦስተኛው የኡበርና የሊፍት አሽከርካሪዎች ዩኒየን ማቋቋም እንዲችሉ፤ እሱም አለፈ። አራተኛው አንዳንድ አእምሮ ላይ የሚሠሩ ዕፆችን የሚመለከት ነበር፤ ወደቀ። አምስተኛው ቲፕ ለሚቀበሉ ሠራተኞች የሚከፈለውን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ6.75 ዶላር ደረጃ በደረጃ አሳድጎ በ2029 ከሙሉው ዝቅተኛ ደመወዝ ጋር እኩል ያደርገው ነበር፤ ወደቀ።

ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ፣ ኡበር የሚነዳ፣ ምግብ ቤት የሚያስተናግድ ሰው ሦስቱ ጥያቄዎች በቀጥታ ኑሮውን ይነኩታል። እነዚህን ጉዳዮች የወሰነው የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደረገው መራጭ ራሱ ነው። ሆኖም ጥያቄዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በወረቀቱ ጀርባ ስለሚታተሙ፣ ፊቱን ብቻ ሞልቶ ማሽኑ ውስጥ የሚከት ሰው ሳያያቸው ይቀራል። እባካችሁ ገልብጡት።

[በስክሪኑ፦ የፊርማ ማሰባሰቢያ ቅጽ]

ጥያቄ ዝም ብሎ ወረቀቱ ላይ አይወጣም። በስቴቱ ሕገ መንግሥት 48ኛ ማሻሻያ መሠረት አሥር መራጮች ረቂቁን ፈርመው ለጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ያስገባሉ። እሱ ሕጋዊ ሥርዓቱን አሟልቷል ካለ ፊርማ ማሰባሰብ ይጀመራል። የሚያስፈልገው ባለፈው ምርጫ ለገዥነት ከተሰጠው ድምፅ 3 በመቶ ነው፤ ከ2022ቱ ምርጫ በኋላ ይህ 74,574 ፊርማ ሆኗል። ከአንድ ካውንቲ ከሩብ በላይ መሰብሰብ አይቻልም፤ ስለዚህ ቦስተን ውስጥ ብቻ በመዞር አይሞላም። ከዚያ ምክር ቤቱ ራሱ ሕጉን እንዲያወጣ ዕድል ይሰጠዋል። እስከ ሜይ መጀመሪያ ካላወጣው፣ አቅራቢዎቹ ሌላ ግማሽ በመቶ፣ ማለትም 12,429 ፊርማ ጨምረው ወደ ሕዝቡ ያመጡታል። ግሮሰሪ በር ላይ ሰሌዳ ይዞ «እስቲ ፈርሙልኝ» የሚላችሁ ሰው የሚሠራው ይህንን ነው። መፈረም የምትችሉት የተመዘገባችሁ መራጭ ከሆናችሁ ብቻ ነው። ስትፈርሙ ስማችሁንና አድራሻችሁን በተመዘገባችሁበት አኳኋን ጻፉ፤ አለዚያ የታውን ክለርኩ (የታውኑ መዝገብ ያዥ) ቢሮ ፊርማውን ከመዝገብ ጋር ሲያመሳክር ሊጥለው ይችላል።

[በስክሪኑ፦ 100 የምርጫ ወረቀቶች፤ 28 አረንጓዴ፣ 20 ቀይ፣ 52 ነጭ]

አሁን ባዶ መተው ምን እንደሚያስከትል እንይ። በዚህ መንገድ የመጣ ሕግ እንዲያልፍ «አዎ» ከ«አይ» መብለጡ ብቻ አይበቃም። የ«አዎ» ድምፅ በምርጫው ከገባው ጠቅላላ ወረቀት ቢያንስ 30 በመቶ መሆን አለበት። መቶ ሰው መረጠ እንበል። ሃያ ስምንቱ አዎ አሉ፣ ሃያው አይ አሉ፣ ሃምሳ ሁለቱ ጀርባውን ሳያዩ ባዶ አስገቡ። አዎ ያሉት በዝተው ሳለ ሕጉ ይወድቃል፤ 30 አልሞላማ። ባዶ የተወ ሰው አልመረጥኩም ቢልም ወረቀቱ ስሌቱ ውስጥ ገብቷል።

[በስክሪኑ፦ ቀይ ሽፋን ያለው የመራጮች መጽሐፍ]

ይህች ቀይ መጽሐፍ ከኮመንዌልዙ ጸሐፊ ቢሮ ወደ ቤታችሁ በፖስታ ትመጣለች። ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር እንዳትጥሏት። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ማጠቃለያ፣ ከደጋፊና ከተቃዋሚ ወገን 150 ቃል የሚደርስ ክርክር፣ ሙሉውን የሕግ ጽሑፍም ይዛለች። ጊዜ ከሌላችሁ ግን በቀጥታ ሂዱ ወደዚህ ሣጥን፦ አዎ የሚል ድምፅ ምን እንደሚያመጣ፣ አይ የሚል ድምፅ ምን እንደሚያመጣ በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተጻፈበት ነው። ከቲቪ ማስታወቂያ ይልቅ እሱን እመኑ።

ለምን ይህን ያህል እናጠብቃለን? በ2024ቱ ሁለተኛ ጥያቄ «አዎ» ማለት ፈተናውን ማጥፋት አልነበረም። ተማሪዎች ዛሬም ኤምካስ ይፈተናሉ፤ የተነሣው ያላለፈ አይመረቅም የሚለው ግዴታ ነው። በሦስተኛውም «አዎ» ማለት አሽከርካሪውን በማግስቱ የዩኒየን አባል አያደርገውም። ሕጉ የሚለው፣ አንድ ድርጅት ከንቁ አሽከርካሪዎች 5 በመቶውን ካስፈረመ የአሽከርካሪዎችን ዝርዝር ያገኛል፣ 25 በመቶውን ካስፈረመ ደግሞ ሊወክላቸው ይችላል ነው። ንቁ የሚባለው ማን ነው የሚለውም ተተርጉሟል፦ ባለፉት 6 ወራት ከአሽከርካሪዎች ሁሉ መካከለኛ ቁጥር በላይ ጉዞ የጨረሰ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚነዳ ሰው ላይቆጠር ይችላል። ይህን ከጥያቄው ርእስ አታገኙትም፤ ማጠቃለያው ውስጥ ግን ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።

ሌላም ዓይነት ጥያቄ አለ፤ ሰውን የሚያሳስተው በተለይ እሱ ነው። ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ የማይወዱ ሰዎች ፊርማ አሰባስበው «ሕዝቡ ይወስን» ሲሉ፣ «አዎ» ማለት ሕጉ ይጽና ማለት ይሆናል፤ «አይ» ማለት ይሻር። የ2022ቱ አራተኛ ጥያቄ እንዲህ ነበር። የኢሚግሬሽን ወረቀት የሌለው ሰውም መንጃ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚፈቅደውን ሕግ የሚቃወሙ ሰዎች ናቸው ጥያቄውን ያመጡት። ተቃዋሚ ስላመጣው «አዎ» ማለት ተቃውሞ የመሰለው ሰው ሐሳቡን ገልብጦ መረጠ ማለት ነው። «አዎ» አሸነፈ፣ ሕጉም ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

ከነዚህ በታች የየአካባቢው ጥያቄዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ታውኑ ለትምህርት ቤት ግንባታ ከተለመደው ጣሪያ በላይ የንብረት ግብር ለመሰብሰብ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ለዩ፦ ጭማሪው ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ብቻ ነው ወይስ ለዘለቄታው? ሁለቱ በቤት ባለቤት ኪስ ላይ በእጅጉ ይለያያሉ። አስገዳጅ ያልሆነ፣ ለተወካዩ አቅጣጫ የሚሰጥ ጥያቄም አለ። በምርጫ ክልል ስለሚወሰን በጎረቤታችሁ ወረቀት ላይ ኖሮ በእናንተ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ስሕተት አይደለም።

[በስክሪኑ፦ የምዝገባ ቅጽና የቀን መቁጠሪያ]

ምዝገባ ከምርጫው 10 ቀን አስቀድሞ ይዘጋል። በቅርቡ ዜግነት ያገኛችሁ ግን ልብ በሉ፦ የዜግነት ቃለ መሐላ የፈጸማችሁት ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ከሆነ፣ የምስክር ወረቀታችሁን ይዛችሁ ክለርኩ ቢሮ በመሄድ እስከ ምርጫው ዋዜማ መመዝገብ ትችላላችሁ። ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ማንም ቢገፋፋችሁ አትመዝገቡ፣ አትምረጡ። ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል፤ አላወቅሁም ነበር ማለት አያድንም ብላችሁ ተጠንቀቁ።

ምርጫ ጣቢያ ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠየቁት አድራሻችሁን ነው፤ መዝገቡ በመንገድና በቤት ቁጥር የተደረደረ ነውና። ለእኛ ይህ ጥሩ ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተይዞ፣ ወይም የአያት ስም ገብቶ፣ ወይም አንድ ፊደል ተለውጦ ተመዝግቦ ሊሆን ስለሚችል፣ «ስሜ የለም» ከማለታችሁ በፊት በአድራሻችሁ ስር ያሉትን ስሞች ሁሉ እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። ከነጭራሹ ከጠፋ ጊዜያዊ የሚባለውን ድምፅ መስጫ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ምዝገባችሁ በኋላ ከተረጋገጠ ይቆጠራል።

በአብዛኛው መታወቂያ አይጠየቅም። የሚጠየቀው በዋናነት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመርጥ ሆኖ በፖስታ ሲመዘገብ መታወቂያ ያላያያዘ ሰው፣ እንዲሁም መዝገቡ ላይ «እንቅስቃሴ የሌለው» ተብሎ የተያዘ ሰው ነው። እንዲህ የሚያስይዘው ደግሞ በዓመቱ መጀመሪያ ከከተማው ወደ ቤት የሚላከውን የነዋሪዎች ቆጠራ ቅጽ አለመመለስ ነው። ቅጹ ተራ ደብዳቤ ይመስላል፤ ፈርማችሁ መልሱት። ካልመለሳችሁም መምረጥ አትከለከሉም፤ ስምና አድራሻ ያለበት መታወቂያ ታሳያላችሁ፣ እዚያ ቦታ እንደምትኖሩም ትፈርማላችሁ።

ስለ ቋንቋ። ስለ ቋንቋ እርዳታ የሚደነግገው የፌዴራል የመራጮች ሕግ የስፓኒሽ፣ የእስያ፣ የነባር አሜሪካውያንና የአላስካ ነባር ሕዝቦችን ቋንቋዎች ነው የሚጠቅሰው፤ አማርኛን አይጨምርም። ኬምብሪጅ ከተማ ብዙ ማስታወቂያዎቹን በአማርኛ ያወጣል፤ የምርጫ ወረቀቱን ግን በአማርኛ አትጠብቁ። ይልቅ በዚህ ተጠቀሙ፦ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚቸግረው መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ ገብቶ መታገዝ ይችላል። ልጅ ይሁን፣ ጎረቤት ይሁን፣ የሰንበቴ ማኅበርተኛ ይሁን። የማይቻለው አሠሪያችሁ ወይም የአሠሪያችሁ ወኪል፣ አለዚያም የዩኒየናችሁ ኃላፊ ወይም ወኪል ነው። ረዳቱ ያነብላችኋል፣ የምትሉትን ይሞላላችኋል፤ አይወስንላችሁም። ቤት ውስጥ በአማርኛ ጽፋችሁ ያዘጋጃችሁትን ወረቀትም ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ፤ ለሌላ ሰው አታሳዩ እንጂ።

[ካሜራው ወደ ሞላላው ክብ ይጠጋል]

ሞላላውን ክብ ሙሉ በሙሉ አጥቁሩት። የኤክስ ምልክት ወይም ማክበብ ማሽኑን ያሳስተዋል። በአንድ ጥያቄ ላይ አዎንም አይንም ከሞላችሁ ያ ጥያቄ አይቆጠርም፤ ሌላው ይቆጠራል። ከተሳሳታችሁ አትሠርዙ፣ አትፋቁ፤ መልሳችሁ አዲስ ጠይቁ። በጠቅላላው እስከ ሦስት ወረቀት ይሰጣችኋል።

ቀን ሥራ ላለባችሁ፣ ከምርጫው በፊት ካለው 17ኛ ቀን ጀምሮ እስከ ዋዜማው ሳምንት ዓርብ ድረስ በአካል ቀድሞ መምረጥ ይቻላል። በፖስታ ለመምረጥ ማመልከቻው ከምርጫው በፊት ባለው አምስተኛ የሥራ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት መድረስ አለበት። የመጣላችሁን ወረቀት ከሞላችሁ በኋላ በውስጠኛው ፖስታ ከታችሁ ፖስታው ላይ ፈርሙ፤ ያልተፈረመ ውድቅ ነው። ስትመልሱ በምርጫው ቀን ምርጫ ጣቢያ አትውሰዱት፤ እዚያ አይቀበሉትም። በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ ማታ 8 ሰዓት በክለርኩ ቢሮ ወይም በድምፅ መጣያ ሣጥን አስገቡት። በፖስታ ቤት ከሆነ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ከኖቬምበሩ ምርጫ ቀን ሳያልፍ ተልኮ፣ ከምርጫው በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። መድረስ አለመድረሱን በኮመንዌልዙ ጸሐፊ ድረ ገጽ ወይም በነጻ ስልክ 1-800-462-8683 ተከታተሉ። «ውድቅ ሆኗል» የሚል ካያችሁና ጊዜ ካለ ሌላ ወረቀት ጠይቁ፤ ጊዜ ከሌለ በምርጫው ቀን በአካል ሄዳችሁ ምረጡ።