የተረፉት ምሰሶዎች

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ነገ ሶፍ ዑመር ዋሻ እንገባለን። ዛሬ ማታ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እሱን ይዛችሁ ከገባችሁ የምታዩት ይለያል።

ዋሻ ሲባል ብዙዎቻችሁ ፊት ድቅን የሚለው እንደ ቀለጠ ሻማ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ድንጋይ ነው። ስታላክታይት የሚባለው ማለት ነው። እሱ በጠብታ ነው የሚሠራው። ውሃው የሟሟ ኖራ ይዞ ይመጣና ጣሪያው ላይ ቅንጣት ትቶ ይወድቃል። የሶፍ ዑመር ውበት ግን ሌላ ነው። ትልልቆቹ ምሰሶዎች የተገነቡ አይደሉም፤ የተረፉ ናቸው።

እንዴት? አለቱ በሃ ድንጋይ፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወስድ በጣም ደካማ አሲድ ይሆናል። በሃ ድንጋይ ደግሞ ይህን አይችልም፤ ቀስ እያለ ይሟሟል። አለቱ ድሮውንም የተሰነጣጠቀ ነበር። ከባሌ ተራሮች የሚወርደው የወይብ ወንዝ በስንጥቆቹ ገባ፤ እያሟሟና እየፋቀ አሰፋቸው። እነሱ መተላለፊያ ሆኑ። መሀል የቀረው አለት ደግሞ ጣሪያውን ተሸክሞ ቆመ። ከላይ ሆኖ ማየት ቢቻል የሰፈር መንገድ ይመስላል፦ መተላለፊያዎቹ ይቋረጣሉ፣ ምሰሶዎቹ እንደ ቤት በመሀላቸው ቆመዋል። ይህ ሰፈር ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በአገራችን ከታወቁት ዋሻዎች የሚረዝመው እሱ ነው።

አንዱ ምሰሶ አጠገብ ስትደርሱ ባትሪያችሁን ፊት ለፊት አታብሩበት። ከጎን አብሩበት። ያኔ ውሃው የላሰው ጎድጓዳ ሁሉ ጥላ ይዞ ብቅ ይላል። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ለረጅም ጊዜ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ።

እዚያው ግን አንጀቴን የበላኝም ነገር አለ። አንድ ምሰሶ ላይ ስም በምስማር ተጭሮ አየሁ። በሃ ድንጋይ ለስላሳ ነው፣ ምስማር ይበላዋል። በከሰል የተጻፈ ቢሆን ምናልባት ይታጠብ ነበር። ያ ግን አይታጠብም። ወንዙ በስንት ዘመን ያለሰለሰውን አንድ ሰው በሁለት ደቂቃ አበላሸው። ስለዚህ እባካችሁ፣ እጃችሁን ሰብስቡ።

ደግሞ አትርሱ፣ የምንሄደው ሰው ከሚጸልይበት ቦታ ነው። የአገሬው ሰው ሆልቃ ሶፍ ዑመር ይለዋል። ስሙ ሼክ ሶፍ ዑመር ከተባሉ የሃይማኖት አባት የመጣ ነው፤ ምእመናን ዛሬም ለዚያራ፣ ማለትም ቅዱሱን ቦታ ለመጎብኘትና ለመጸለይ ይመጣሉ። የሚጸልይ ሰው ካገኛችሁ ድምፃችሁን ቀንሱ፤ ሳትጠይቁም ፎቶ አታንሱ።

ወንዙን የምንሻገርበት ቦታ ስላለ ሊረጥብ የሚችል ጫማ አድርጉ። አስጎብኚው ተመለሱ ካለ ያለ ክርክር እንመለሳለን፤ የወይብ ውሃ ሲሞላ አይቀለድበትም።

ባትሪያችሁን አሁኑኑ ቻርጅ ላይ አድርጉ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ መኪናው በር ላይ ይቆማል።