የሐይቁ ቀለም ከቱቦ አይወጣም

ሰላም አድማጮች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ቀለም ነው። ምሳሌ የማደርገው ሐዋሳ ውስጥ ብሩሽ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን መሞከሩ የማይቀረውን ሥዕል ነው፤ ጀንበር ሐይቁ ላይ ስትጠልቅ።

ከተማዋ ያለችው ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ቆሞ ውሃውን ለሚያይ ሰው ፀሐይዋ የምትገባው ፊት ለፊቱ ነው። ጠዋት ብርሃኑ ከጀርባው ስለሚመጣ ውሃው ሰማያዊ ይሆናል፤ ማዶ ያሉት ኮረብቶችም ዝርዝራቸው ይታያል። ከሰዓት በኋላ ግን ኮረብቶቹ ጠፍጣፋ ጥላ ይሆናሉ፤ ውሃውም ሰማያዊነቱን ትቶ ብርማ ይሆናል። ጀማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ከሰዓት ተቀምጦ የጠዋቱን ሰማያዊ ይቀባል፤ ውሃ ሰማያዊ ነው ብሎ ስለሚያውቅ። የሠዓሊ ዕድገት ለእኔ የሚለካው በዚህ ነው፤ የሚያውቀውን ቀለም ትቶ የሚያየውን መቀባት ሲጀምር፣ ቀጥሎም እያንዳንዱን ቀለም ከጎረቤቱ ጋር እያስተያየ መመዘን ሲለምድ።

ወደ ጀንበሯ እንምጣ። በየካፌው ግድግዳ የተሰቀሉትን እዩ። ሰማዩ ብርቱካናማ፣ ውሃው ብርቱካናማ፣ ግን የሚያበራ ነገር የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሸራ ላይ ከነጭ ቀለም በላይ የሚያበራ ነገር አይገኝም፤ እውነተኛዋ ፀሐይ ደግሞ ከነጭ ቀለም እጅግ ትበልጣለች። ፀሐይዋን ወደ ላይ ማውጣት ስለማይቻል ያለው አማራጭ ሌላውን ሁሉ ወደ ታች ማውረድ ነው።

እንዴት? መጀመሪያ ቀለሙን እርሱትና ንጣትና ጥቁረቱን ብቻ መድቡ። ከ1 እስከ 10 መሰላል አድርጉት፤ 1 ጥቁር፣ 10 ነጭ። ፀሐይዋና ውሃው ላይ የምታንጸባርቅበት ቦታ 9 እና 10ን ይውሰዱ፤ ሌላ ማንም አይንካቸው። በፀሐይዋ ዙሪያ ያለው ሰማይ 7፣ ራቅ ያለው ሰማይ 5 ወይም 6። ውሃው ከሚያንጸባርቀው ሰማይ አንድ ደረጃ ይጥቆር። ማዶ ያለው ኮረብታ 3 ወይም 4፣ ዳር ያለው ቄጠማና ዛፍ 1 እና 2። ይህን በግራጫ ብቻ መዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ ሞክሩት፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እዚያ ላይ ካላበራ በቀለምም አያበራም። ለማመሳከር ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩ፣ ወይም ሥዕሉን በስልክ አንሥታችሁ ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት። ስልኩ ግን ፀሐይዋን ራሷን ሲያነሣ ኮረብታውን ድፍን ጥቁር አድርጎ ያወጣዋል፤ የኮረብታውን 3 ከፎቶ አትቅዱ፣ በዓይናችሁ ውሰዱት።

አሁን ቀለሙ። ብርቱካናማን ለማንጣት ብዙ ሰው በቀጥታ ነጭ ይጨምራል። ቲታኒየም ነጭ ግን ቀለም ሲያነጣ ሙቀቱንም ፍካቱንም ይቀንሳል። ውጤቱ ጠመኔ ጠመኔ የሚል ቀላ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቢጫ ጨምሩ፤ ብርቱካናማው ወደ ሞቅ ያለ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ሎሚ ቢጫ ይሂድ፤ ነጭ በመጨረሻ፣ ያውም ጥቂት። ፍም የሚመስለውን ብርቱካናማ ደግሞ በሰፊው አታንጣፉት። አንድ ትንሽ ቦታ ስጡትና ዙሪያውን ግራጫ ባለበት ወይን ጠጅ ክበቡት። ያን ግራጫ ለማግኘት ሁለት እጅ አልትራማሪን የሚባለውን ሰማያዊ፣ አንድ እጅ በርንት ሲየና የሚባለውን ቀላ ያለ ቡኒ ቀላቅሉ። ወደ ሰማያዊ ካደላ ሲየና፣ ወደ ቡኒ ካደላ አልትራማሪን ጨምሩ፤ ወይን ጠጅነቱን ለማምጣት ደግሞ ጥቂት ክሪምሰን፣ ማለትም ወደ ወይን ጠጅ ያደላ ቀይ፣ ከዚያ በነጭ ወደሚፈለገው ደረጃ አምጡት።

ሌላው የሚበላሽበት ቦታ ብርቱካናማው ሰማያዊውን የሚነካበት ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ስለሆኑ እርጥብ እያሉ ከተገናኙ ይገዳደሉና አፈር የመሰለ ቡኒ ይወጣል። መፍትሔው በመካከላቸው ሌላ ቀለም ማስገባት ነው፤ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ቀጥሎ ጽጌረዳማ ግራጫ፣ ቀጥሎ ሰማያዊው። በየመካከሉ ብሩሹን ጥረጉ፤ ቢቻል ለሙቁና ለቀዝቃዛው የተለያየ ብሩሽ ያዙ።

በነገራችን ላይ ውሃው ላይ ያለው የብርሃን መስመር ከፀሐይዋ በቀጥታ ቁልቁል ወደ ተመልካቹ ነው የሚመጣው። በሰያፍ አይሄድም፤ ሠዓሊው ቦታ ሲቀይር አብሮት ይሄዳል። ሰያፍ አድርጋችሁ ከሣላችሁት ምንም ዓይነት ቀለም አያድነውም።

ቱቦን በተመለከተ፣ ባለ 24 ቱቦ ሳጥን ለስጦታ ጥሩ ነው። ለሥራ ግን 8 ይበቃል፤ ሎሚ ቢጫና ሞቅ ያለ ቢጫ፣ ሞቅ ያለ ቀይና ክሪምሰን፣ አልትራማሪንና ታሎ ሰማያዊ፣ በርንት ሲየና፣ ቲታኒየም ነጭ። ስትገዙ የፊቱን ስም ትታችሁ ጀርባው ላይ ያለውን፣ ቀለሙ ከምን እንደተሠራ የሚነግረውን ኮድ አንብቡ። ፒ ቢ 29 አልትራማሪን ነው፣ ፒ ቢ 15 ታሎ ነው። ሦስት ኮድ የተጻፈበት ቱቦ አስቀድሞ የተቀላቀለ ነው፤ እናንተ ሌላ ስትጨምሩበት ቶሎ ይደፈርሳል። ታሎ ጉልበተኛ ነው። የክብሪት ራስ የምታህል ይዛችሁ ጀምሩ፤ ሁልጊዜም ታሎውን ወደ ቢጫው እንጂ ቢጫውን ወደ ታሎው አትጨምሩ፣ አለዚያ ቢጫው ሁሉ ያልቅባችኋል።

ለምን ሁለት ሁለት? አልትራማሪን ወደ ቀይ ያደላል፤ ሞቅ ያለ ቢጫም እንዲሁ። ሁለቱን ብትቀላቅሉ ያ የተደበቀ ቀይ አረንጓዴውን ያደበዝዘዋል። ለጀንበሯ ሥዕል ግን ይኸው ደብዛዛ አረንጓዴ ነው ትክክሉ፤ ብርሃን ከኋላው የሆነ ቄጠማ እንደዚያ ነው። ታሎና ሎሚ ቢጫ የሚሰጡት የሚያንጸባርቅ አረንጓዴ የጠዋት ነው።

ሥዕሉ ውስጥ የትኛው ቀለም እንደሚገዛም መወሰን አለበት። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1963 የሣለው «ጎልጎታ» ላይ ቀዩ ሌላውን ሁሉ አስገብሮታል፤ ሌሎቹ ቀለሞች ለቀዩ ነው የሚሠሩት። ሁሉም ቀለም እኩል የሚጮህበት ሸራ ገበያ ነው።

ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ለሚሄድ ደግሞ አባ ኮዳ ከሚባለው ትልቅ ወፍ የተሻለ አስተማሪ የለም። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ ነው እንላለን። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጀርባው ይነጣል፣ ሆዱ ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱ በጣም ይቀራረባሉ። ከቱቦ የወጣ ጥቁርና ነጭ ከለጠፋችሁበት ወፉ ከብርሃኑ ተነጥሎ ይቀራል። ጀርባውን ቀዝቀዝ ያለ ግራጫ፣ ሆዱን ደግሞ ከመሬቱ የሚነሣው ሙቀት የነካው ግራጫ አድርጉት።

አክሪሊክ የሚባለውን በውሃ የሚቀጥን ቀለም የምትጠቀሙ፣ ቀለሙ ሲደርቅ እንደሚጠቁር አትርሱ። ማያያዣው እርጥብ ሳለ ወተትማ ነው፤ ሲደርቅ ይጠራል፣ ያን ጊዜ ቀለሙ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ከምታዩት ጥቂት ነጣ አድርጋችሁ ቀላቅሉ፤ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀብታችሁ አድርቃችሁ አስተያዩ። በበጋው ንፋስ ደግሞ ፓሌት፣ ማለትም መቀላቀያ ሰሌዳ፣ ላይ ያለው ቀለም በደቂቃዎች ቆዳ ያወጣል። ጎድጎድ ያለ ሳህን ላይ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ፣ ከላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ፤ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ሲቀመጥ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ይቆያል።

የቀረው የምትሠሩበት ቤት ነው። የአውሮፓ መጻሕፍት የሰሜን መስኮት ይላሉ፤ እዚያ ፀሐይ በሰሜን ስለማታልፍ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም። ሐዋሳ ግን ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነች፤ በሌሎቹ ወራት በደቡብ። በሰኔ የሰሜን መስኮታችሁ ጠዋትም ማታም ቀጥታ ፀሐይ ይገባበታል። ስለዚህ ነጭ አቡጀዲ ጋርዱበት፤ ክሬም ቀለም ያለው ጨርቅ ግን አይሆንም፣ ሁሉን ቢጫ ያደርገዋል።

ማታ የምትሠሩ ከሆነ አምፖሉ 5000 ኬልቪን አካባቢ፣ ሲ አር አይ (CRI) የሚባለው የቀለም ማሳያ መጠኑ ከ90 በላይ ይሁን፤ ካርቶኑ ላይ ይጻፋል። ቢጫ አምፖል ሥር ፈዛዛ ቢጫ ከነጭ አይለይም፣ ሰማያዊም ይሞታል፤ ሠዓሊው ሁለቱንም ይጨምራል፤ ጠዋት ሲነቃ ሁለቱም ይጮሁበታል። ሸራውንና ፓሌቱን የሚያበራው መብራት አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አንዱ በመስኮት፣ አንዱ በአምፖል ከሆነ የቀላቀላችሁትና የቀባችሁት አይገናኝም።

ስለ ሸራ መወጠርና ስለ መደብ አቀባብ በሚቀጥለው ክፍል እመጣበታለሁ። ደህና ሰንብቱ።