ከቀለሙ በፊት ሆዷን እዩ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ የዕለቱ ባለቤቶች ተመራቂዎች፤ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ!

አቃቂን አልፎ፣ ገላን ላይ፣ ባለ ሸራ ጀልባ ይጠገናል ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ሳቅ ነው። ባህሩ የት አለና? አባ ሳሙኤል ቅርብ ነበር፤ እሱን ደግሞ እምቦጭ ወርሶታል። የእኛ ጀልባ የላንጋኖ ናት። በሎቤድ ተጭና መጣች፣ ስታልቅም በሎቤድ ትመለሳለች። የሰፈሩ ልጆች «መርከቧ» ይሏታል። 7 ሜትር ለማትሞላ ጀልባ ትልቅ ማዕረግ ነው።

ስለ ሙያ ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። ሙያ በደፈናው አይወራም፤ ስለዚህች ጀልባ ላውራችሁ።

ባለቤቷ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ቀለሟ ስንት ይፈጃል?» ብለው ነው። ሁሉም እንደዚያ ይጠይቃል። ግን አሮጌ ጀልባ ላይ ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። ላይዋን ሲያዩት ታምራለች፣ ውስጧን ለቄስ።

ስለዚህ በመዶሻ እጀታ ወለሏን ማንኳኳት ጀመርን። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ደፍ ደፍ ይላል። ወለሏ ሁለት ስስ የፋይበር ንጣፍ ነው፤ መሃሉ ላይ ቀላል እንጨት አለ። ውሃ የሚገባው በብሎን ቀዳዳ ነው። በብሎኑ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ በፀሐይ ብዛት ይሰነጠቃል፣ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል፣ ከላይ ግን ምንም አይታይም። ከምሰሶው ሥር ስንከፍት እንጨቱ እንደ ቡና አተላ በጣት ይዛቅ ነበር።

ውሃ ውስጥ የሚውለው ሆዷ ደግሞ ውሃ ቋጥሯል። ፋይበሩን የሚያያይዘው ሙጫ፣ ፖሊስተር፣ ውሃ አያስገባም የሚባለው ለጊዜው ነው። ለዓመታት ውሃ ላይ ስትቀመጥ እርጥበት ቀስ እያለ ይሰርጋል፣ በደንብ ካልደረቀው ኬሚካል ጋር ይገናኛል፣ ከላይኛው ሽፋን ሥር ብጉር ያወጣል። ብጉሩ ሲወጋ የሚወጣው ፈሳሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። መድኃኒቱ መፋቅ፣ በንጹህ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ኤፖክሲ የሚባለውን ሙጫ መቀባት ነው። በስቱኮ ደፍኖ መቀባት ለሚሸጣት ሰው ይመች ይሆናል፤ ለሚሳፈርባት ግን ጉድ ነው።

ማድረቅ ላይ የእኛ አገር ከባህር ጠረፍ ይሻላል። ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ደረቅ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አለ። ችግሩ ሌሊቱ ነው፤ ኤፖክሲ ብርድ አይወድም። ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አንጀምርም፣ 9 ሰዓት ላይ እናቆማለን። ክረምት ከገባ ጭራሽ አለመንካት ነው።

አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ፋይበር የለመዱት ውሃ ታንከርና የሚኒባስ ቦዲ ላይ ነው። እጃቸው ወርቅ ነው። አንድ ልማድ ግን ከጋራዥ ይዘው መጥተዋል፤ ሃርድነር፣ ማለትም ሙጫውን የሚያደርቀውን ኬሚካል፣ በዓይን መለካት። ለፖሊስተር የሚጨመረው ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ትንሽ ቢዛባ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል፣ መድረቁ ግን አይቀርም። ኤፖክሲ ይቅርታ አያውቅም። ሃርድነር ሲበዛበት አይፈጥንም፤ እንደለሰለሰ ይቀራል። ያን ጊዜ ሁሉንም ፍቆ ከዜሮ መጀመር ነው። ሌላ ምንም ባታደርጉ ሚዛን ግዙ!

ስለ ብረቱም አንድ ነገር ልበል። የማይዝግ ብረት ይዝጋል፤ ያውም ተደብቆ። አየር ካላገኘ መከላከያ ሽፋኑ አይታደስም። ምሰሶውን ወጥረው የሚይዙት ሽቦዎች ወለሉን ሰንጥቀው ከሚገቡ ብረቶች ጋር ይታሰራሉ። ፈተን ስናወጣቸው ከላይ ያብለጨልጫሉ። ወለሉ ውስጥ ተቀብሮ የኖረው ክፍል ላይ ግን ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። ያ ብረት ነፋስ ላይ ከተበጠሰ ምሰሶው ሰው ላይ ይወድቃል። ይህን ሳሳያቸው ባለቤቷ የቀለሙን ጥያቄ ተዉት። አዲሱን ብረት እያስቀረጽን ነው።

ሸራዋን ገና አልነካናትም። ጨርቁ ደህና ነው፤ ክሩን ግን ፀሐይ በልቶታል። ድንኳን የሚሰፋ፣ ጠንካራ የስፌት መኪና ያለው ሰው እየፈለግን ነው። ከመካከላችሁ የልብስ ስፌት ተመራቂ ካለ ዛሬ ሳይሄድ ያናግረኝ።

ለማየት ለምትፈልጉም ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያችን ክፍት ነው። ቱታና የአፍንጫ መሸፈኛ ይዛችሁ ኑ፤ የፋይበር ብናኝ ያሳክካል፣ ለሳንባም አይበጅም። አመሰግናለሁ።