ኮሜንታችሁን አንድ ጊዜ ጨርሳችሁ ስጡን

የተከበራችሁ እንግዶች፣ አልሚዎች፣ አርክቴክቶች፣ መሐንዲሶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ስለ ዘርፉ ተስፋና ተግዳሮት እንድናገር ነው የተጠየቅሁት። ተስፋውን ከእኔ በፊት የነበሩት ጨርሰውታል። እኔ ስለ ግንባታ ፈቃድ፣ እሱም ዲዛይናችንን የሚመረምረው የከተማው ባለሙያ «ይሄን አስተካክሉ» ብሎ ስለሚሰጠን ኮሜንት ብቻ ላውራ። ኮሜንት ምን እንደሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሁላችሁም አንድ አንድ ይዛችኋል። ፊት የተቀመጣችሁ የከተማችን ኃላፊዎች ስለመጣችሁ እናመሰግናለን፣ ዛሬ ግን ትንሽ ትታገሱኛላችሁ።

ቁጥጥር አይኑር እያልኩ አይደለም፣ ይሄ ይያዝልኝ። በክረምት ያለ ድጋፍ መሠረት ቆፍሮ የጎረቤት አጥር የሚያስደረምስ አልሚ አለ። ጂ+4፣ ማለትም ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ፣ አስፈቅዶ ጂ+6 የሚያቆምም አለ፤ ስም አልጠራም፣ ቡና ላይ ታገኙታላችሁ። የሕንጻ አዋጁ 624/2001 ከ12 ሜትር በላይ የሆነን ሕንጻ ከምድቦቹ ጥብቁ ውስጥ፣ ምድብ ሐ ውስጥ፣ አስገብቶታል፤ ምርመራው ጠበቅ ማለቱ ልክ ነው። ሰው ነው የሚኖርበት።

አሁን የኔን ጂ+7 ልንገራችሁ። ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደምንችል ከተማው የሰጠን የፕላን ስምምነት አለን፣ ካርታው ንጹሕ ነው። የአፈር ምርመራው፣ አርክቴክቸሩ፣ ስትራክቸሩ፣ ሳኒተሪው፣ ኤሌክትሪኩ፣ ሁሉም በየባለሙያው ተፈርሞ ገባ። ቆይቶ ተጠራን። ኮሜንቱ ስለ ፓርኪንግ ነው፤ ወደ ቤዝመንት የሚያወርደው ራምፕ ዳገቱ በዝቷልና አስተካክሉ ተባልን። እሺ። ራምፑ ሲረዝም ኮለን፣ ማለትም ምሰሶ፣ ተነሳ፣ ኮለኑ ሲነሳ ስትራክቸሩ እንደ አዲስ ተሰላ፣ መሐንዲሱም እንደ አዲስ አስከፈለ። አስገባን። ሁለተኛው ኮሜንት መጣ፤ የአደጋ ጊዜ መውጫ ደረጃው ጠቧል። ይሄ ደረጃ እኮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ፕላን ላይ ነበር! ራምፑን ያየ ዓይን ደረጃውን እንዴት ሳያየው ቀረ? እሺ አልን፣ አሰፋነው። ደረጃው ሲሰፋ ሊፍቱ ተገፋ፣ ሊፍቱ ሲገፋ ሽንት ቤቶቹ ተዛወሩ፣ ሳኒተሪው በሙሉ ተቀየረ። ይዘን ስንመለስ የመጀመሪያው ባለሙያ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል። የተተካው ልጅ ትሑት ነው፣ እውነቴን ነው፣ ተነስቶ ነው የተቀበለን። ፕላኑን ዘረጋው፣ አየው፣ አየው፣ «ይሄ ራምፕ ለምን ይሄን ያህል ረዘመ? ቦታ ይበላል እኮ» አለን።

ሳቁ፣ ሳቁ። አርክቴክቴ ግን አልሳቀችም።

የመጀመሪያውን ኮሜንት እናሳየው አልን። ምን እናሳየው? በቃል ነው የተነገረን። ያለን ማስረጃ ራምፑ ላይ በእርሳስ የተከበበች አንዲት ክብ ናት።

እኛ በእርሳስ ክብ ስንመላለስ የሊዝ ውሉ ይቆጥራል። የሊዝ አዋጁ 721/2004 ግንባታ የሚጠናቀቅበትን ጊዜ ወስኗል፣ ለትልቅ ግንባታ እስከ 48 ወር። ጊዜው ሲያልፍ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ባንኩ ወለድ ሲቆጥር «ፋይልህ ማን ጠረጴዛ ላይ ነው?» ብሎ አይጠይቀኝም። ብረትም ቆሞ አይጠብቀኝም። ፋይሉን ያቆየውን ሰው ግን ማን ጠየቀው? ወጪው ደግሞ የትም አይሄድም፣ ቤት ገዢው ላይ ነው የሚያርፈው። ዱባይ ሠርታ በየወሩ ለቤቷ የምትልክ እህታችን የምትከፍለው ለሲሚንቶ ብቻ እንዳይመስላት።

ይግባኝ በሉ ትሉናላችሁ። የሕንጻ አዋጁ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ አለው፣ አውቃለሁ። በምን ልበል? በእርሳሷ ክብ? ደግሞስ ነገ ሌላ ፋይል ይዤ የምመጣው እዚያው መስኮት አይደለም ወይ? እስቲ ከዚህ አዳራሽ ይግባኝ ብሎ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። አያችሁ? ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባዩ ሁሉ የሚበላው እዚህች ክፍተት ውስጥ ነው። ኮሜንት በቃል እስከሆነ ድረስ ቃሉን የሚያስለውጥ ሰው ገበያ አያጣም።

የምንጠይቀው ይሄው ነው። ዲዛይኑ ከአርክቴክቸር እስከ እሳት አደጋ መከላከያ አንድ ላይ ይታይ። ጉድለቱ በሙሉ በአንድ ወረቀት ይጻፍ፣ የተጣሰው አንቀጽ ይጠቀስ፣ መርማሪው ስሙን ጽፎ ይፈርም። እዚያ ወረቀት ላይ የሌለ ነገር፣ የሰው ሕይወት የሚነካ ካልሆነ በቀር፣ በሁለተኛው ዙር አይነሳ። አርክቴክቱ ይፈርማል፣ መሐንዲሱ ይፈርማል፣ ሕንጻው ቢወድቅ ፍርድ ቤት የምንቆመው እኛ ነን። ታዲያ የሚከለክለው ሰው ለምን አይፈርምም?!

ሌላም ነበረኝ። ቦሌ አካባቢ ለሕንጻ ከፍታ ከአቪዬሽን የሚጠየቀውን ደብዳቤ መሥሪያ ቤቶቹ እርስ በርስ ይጻጻፉበት፣ እኛን ፖስተኛ አያድርጉን። ሕንጻው ካለቀ በኋላ ለመግባት ስለሚጠየቀው የመጠቀሚያ ፈቃድም ብዙ የሚባል አለ። «ሲስተም የለም» የምትባለዋን ነገር ደግሞ ለሌላ ቀን፣ ሰብሳቢው ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው።

ኮሜንቱ የሚጻፍበትን ወረቀት ረቂቅ አርክቴክቶቻችን አዘጋጅተው በሩ ላይ አስቀምጠውታል። ኃላፊዎቻችን ስትወጡ አንድ አንድ ያዙ። ማሳተሚያ በጀት የለንም ካላችሁ እኛ እናሳትማለን።

አመሰግናለሁ።