ርካሽ ስኖውሹ፣ ውድ ነፍስ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የካስኬድ ተራሮች ነጭ መልበስ ሲጀምሩ የዚህ ክፍለ ጊዜ ስልክ ይጨናነቃል። ጥያቄው በየዓመቱ ያው ነው። «በረዶ ላይ መሄጃው ጫማ፣ ስኖውሹ የሚሉት፣ በርካሽ የት ይገኛል?» እኔ የክረምት ዕቃ አከራያለሁ፤ ጀማሪዎችንም ይዤ ወደ ስኖኳልሚ እወጣለሁ። ከሲያትልና ከአካባቢው ደጋግማችሁ የጠየቃችሁትን ሰብስቤ በጽሑፍ መልሻለሁ። አየር ላይ ሰዓት አጥሮኝ ያቋረጥኩትንም እዚህ ጨርሼዋለሁ።

ከኬንት፦ ኦንላይን ላይ መቶ ዶላር የማይሞላ ስኖውሹ ከነዱላው ከነቦርሳው አየሁ። ይሠራል ወይስ ገንዘቤን ልጥል ነው?

ይሠራል። ለሜዳና ብዙ ሰው ለሚሄድበት መንገድ ከበቂ በላይ ነው። ግን ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ጊዜ ተከራይተው ይሞክሩት። የቀን ኪራዩ ከ20 እስከ 35 ዶላር አካባቢ ነው። አንዴ ወጥቶ «ለእኔስ ቡናዬ ይሻለኛል» የሚል ደንበኛ ሞልቷል፤ ጫማው ጋራዥ ውስጥ አቧራ ይጠጣል።

ርካሹ ጫማ የሚያስቸግረው ማሰሪያው ላይ ነው። ባለ ጥርስ የፕላስቲክ ማሰሪያ ሳሎን ውስጥ «ጠቅ ጠቅ» እያለ ይጠብቃል። ተራራ ላይ ግን በረዶ ጥርሶቹ መሃል ገብቶ ይደርቃል፤ መልቀቂያውም በጓንት አውራ ጣት አልጫን ይላል። ሱቅ ውስጥ ወፍራም ጓንትዎን አድርገው ይሰሩት፣ ይፍቱት። ጓንት ማውለቅ ካስፈለገዎት መልሰው ያስቀምጡት። ከዚያ ገልብጠው ይዩት፤ ከጣትዎም ከተረከዝዎም ሥር የብረት ጥርስ መኖር አለበት። ጥርሱ ፕላስቲክ ከሆነ መጫወቻ ነው። ቦርሳዎ ውስጥ ደግሞ ጥቂት የኬብል ማሰሪያና ሁለት ሜትር ገመድ ያስቀምጡ። ማሰሪያ የሚበጠሰው መኪናው አጠገብ ሳይሆን ሩቅ ሲደርሱ ነው።

ከ150 ዶላር ጀምሮ ከ300 በላይ የሚዘልቁት ጫማዎች ጎናቸውም ጥርስ አለው፤ ለዳገት የሚነሳ የተረከዝ መደገፊያም አላቸው። እነዚህ ለገደላማ ቦታ ናቸው። ጀማሪ ገደላማ ቦታ ምን ያደርጋል? ያተረፉትን ገንዘብ የሱፍ ካልሲና ውሃ የማያስገባ ሱሪ ላይ ያውሉት። ጥጥ አይልበሱ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

ከሬንተን፦ ባለቤቴ 190 ፓውንድ ነው፤ እኔ 130። አንድ ዓይነት ብንገዛ ይሆናል?

አይሆንም። ስኖውሹ የሚመረጠው በእግር ቁጥር ሳይሆን በክብደት ነው። ከነልብሱ፣ ከነቦርሳው፣ ከነውሃው ይደምሩት። በጥቅሉ ርዝመቱ 25 ኢንች የሆነው እስከ 180 ፓውንድ አካባቢ ይሸከማል፤ 30 ኢንቹ እስከ 220 አካባቢ። ከዚያ በላይ 36 ኢንች አለ። ፋብሪካው ስለሚለያይ ወረቀቱን ያንብቡ። ለእርስዎ 25 ወይም 22፣ ለባለቤትዎ 30 ነው። ክብደት ስትናገሩ ደግሞ አትዋሹኝ። መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ያለው የስንት ዓመት ነው?

የእኛ አካባቢ በረዶ እርጥብና ከባድ ነው፤ ሰው «የካስኬድ ኮንክሪት» ይለዋል። ኮሎራዶና ዩታ ያለው ግን ደረቅ ዱቄት ስለሆነ እግር ያሰምጣል፤ እዚያ ሰፋ ያለ ጫማ ያስፈልጋል። እዚህ ሁለት ቁጥር መሃል ከወደቃችሁ ትንሹን ውሰዱ። ቀላል ነው፤ እግርም ከእግር አይጋጭም።

ከሲታክ፦ ቀኝና ግራ አለው?

አብዛኛው አለው፤ የማሰሪያው ጫፍ ወደ ውጭ ይሁን። ከለበሱት በኋላ ወደ ኋላ አይራመዱ፣ ጭራው ተተክሎ ይጥልዎታል።

ከቱክዊላ፦ ልዩ ቡትስ መግዛት አለብኝ?

የለብዎትም። ውሃ የማያስገባ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የተራራ ጫማ ይበቃል። ስኒከር አይሆንም። ሁለት ካልሲ ደራርቦ ጫማውን ማጥበቅም አይሆንም፤ ደሙ ካልተዘዋወረ እግር ይበርዳል። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ። ጥጥ አይደለም።

ከሊንውድ፦ እናቴ ከአገር ቤት የላከችልኝ ጥሩ ጋቢ አለ። ከጃኬቱ ሥር ብለብሰው?

ጋቢው ይባረክ፤ መኪና ውስጥ ይጠብቅዎት። ጋቢ ጥጥ ነው። ነጠላውም፣ ጂንሱም፣ ቲሸርቱም ጥጥ ነው። ስኖውሹ ያልባል፤ ዳገት ላይ አሥር ደቂቃ ከሄዱ ጀርባዎ ይርሳል። ጥጥ ላቡን ጠጥቶ ይይዘዋል። ለማረፍ ሲቆሙ ያ እርጥብ ጨርቅ ሙቀትዎን ይመጥጠዋል። ብርድ የሚገድለው የግድ ከዜሮ በታች ብቻ አይደለም፤ እርጥብ ሰው ከዜሮ በላይም ይሞታል። ከሥር ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከላይ ነፋስና ውሃ የሚከላከል ያድርጉ። የሱፍ ሹራብ ከልባሽ ሱቅ በጥቂት ዶላር ይገኛል።

ከሾርላይን፦ በሰመር ከጓደኞቼ ጋር ወደ ስኖው ሌክ በእግር ወጥተን ነበር፤ መንገዱን እናውቀዋለን። አሁን በስኖውሹ ብንደግመውስ? ዱካ ስላለ እሱን መከተል አይበቃም?

አይበቃም። ወንድሜ፣ በጥሞና ስማኝ። ሌሎቻችሁም ስሙ፤ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ ነው የምሰማው፣ በየሳምንቱም ያስደነግጠኛል።

ዱካ የሚነግርህ ከአንተ በፊት ሰው እንዳለፈ ብቻ ነው። በስንት ሰዓት እንዳለፈ አይነግርህም። ሰውየው ምን እንደሚያውቅ፣ በሰላም መመለሱንም አይነግርህም። ማለዳ በረዶው ጠጥሮ ሳለ ያለፈ ሰው ዱካ፣ ከሰዓት ዝናብ ሲወርድበት ዋስትና መሆኑ ያበቃል። ስኖኳልሚ ማለፊያ፣ ጎዳናው ተራራውን የሚያቋርጥበት ቦታ፣ ከፍታው 3,022 ጫማ ብቻ ነው። ስለዚህ በጃንዋሪም ቢሆን በረዶ ላይ ዝናብ ይዘንባል።

ደግሞ ያ መንገድ ሌላ መንገድ ሆኗል። በሰመር በአልፔንታል ሸለቆ ስትወጣ ዛፍ የሌለበት ክፍት ቦታ ላይ ቆመህ ፎቶ ተነስተሃል፤ ሁሉም ይነሳል። ዛፍ ለምን እንደሌለ ጠይቀሃል? የበረዶ ናዳ እየወረደ ስለሚጠርገው ነው። የሰመሩ መንገድ እንዲህ ያለውን ቦታ ደጋግሞ ያቋርጣል።

በረዶ ከላይ ሲታይ አንድ ወጥ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እንደ መሶብ እንጀራ ንብርብር ነው። አንዱ ንብርብር ከታችኛው ጋር ይጣበቃል፤ ሌላው ሳይጣበቅ እንዲሁ ይቀመጣል። ከላይ አዲስ በረዶ ወይም ዝናብ ሲጨመርበት፣ ወይም አንተ ስትረግጠው፣ ያ ያልተጣበቀው ተንሸራቶ ይሄዳል። ይህ በአብዛኛው የሚሆነው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ቁልቁለት ላይ ነው። «እኔ ሜዳው ላይ ነኝ» አትበለኝ። ናዳው ከላይ ተነስቶ ሜዳው ላይ ነው የሚያርፈው። ናዳ ከሚይዛቸው ሰዎች አብዛኞቹን የያዛቸው ደግሞ ራሳቸው ወይም አብሯቸው ያለው ሰው የቀሰቀሰው ነው።

እዚህ ላይ ጫማው ራሱ ያታልላል። ያለ ስኖውሹ ብትሄድ እስከ ጉልበትህ እየሰመጥክ ትደክምና ትመለሳለህ። ስኖውሹ ግን ሳያደክም፣ መድረስ የሌለብህ ቦታ ያደርስሃል።

ናዳ ከቀበረህ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከወጣህ የመትረፍ ዕድልህ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ይወርዳል። በ15 ደቂቃ ማን ይደርስልሃል? 911 አይደርስም፤ ስልክህም እዚያ ላይያዝ ይችላል። የሚያወጣህ አብሮህ ያለው ሰው ነው። እሱም የሚያወጣህ ሁለታችሁም ቢከን፣ የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁመውን የሬዲዮ መሣሪያ፣ ለብሳችሁ፣ እሱም ፕሮብ፣ በረዶውን እየወጉ የሚፈልጉበትን ረጅም ዘንግ፣ እና አካፋ ይዞ፣ አጠቃቀሙንም ተለማምዶ ከሆነ ብቻ ነው።

የእኛን ተራሮች አትናቋቸው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው የገደለው የበረዶ ናዳ የወረደው እዚሁ ነው፤ ስቲቨንስ ማለፊያ አጠገብ፣ ዌሊንግተን በምትባል የባቡር መንደር። ሁለት ባቡሮች በረዶ ዘግቷቸው ለቀናት ቆመው ነበር። ማርች 1 ቀን 1910 ሌሊት ናዳው ጠርጎ ገደል ከተታቸው፤ 96 ሰው ሞተ። ያ ቦታ ዛሬ አይረን ጎት የሚባል የእግር መንገድ ነው፤ በሰመር ሄዳችሁ እዩት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የሰሜን ምዕራብ የበረዶ ናዳ ማዕከል፣ በአጭሩ ኤንዋክ፣ በክረምት በየቀኑ ነፃ ትንበያ ያወጣል። አደጋው ከ1 እስከ 5 ይለካል። 3 ሲባል «መካከለኛ ነው፣ ያስኬዳል» እንዳትሉ። ፈተና ላይ 3 ከ5 ያሳልፍ ይሆናል፤ እዚህ አያሳልፍም። ብዙ ሰው የሚሞተው አደጋው 3 በተባለበት ቀን ነው፤ 5 ሲሆንማ ማንም አይወጣም። ከቤት ሳትወጡ ትንበያውን እዩ። አይታችኋል? ሳታዩ አትደውሉልኝ።

ለጀማሪ የጎልድ ክሪክ ኩሬ ዙሪያ ጥሩ ነው። ኩሬውን አልፋችሁ ወደ ሸለቆው ውስጥ ግን አትግቡ፤ እዚያ ናዳ የሚወርድበት ቦታ አለ። የስኖ-ፓርክ ፈቃዱን፣ የክረምት መኪና ማቆሚያውን ማለቴ ነው፣ ሳትነሱ ግዙ፤ ቅጣት ጻፊው ምሕረት አያውቅም። ሬይኒር ተራራ ፓራዳይስ የምትሄዱ ደግሞ ከኖቬምበር 1 እስከ ሜይ 1 የጎማ ሰንሰለት መኪና ውስጥ መያዝ ግዴታ ነው፤ ከደረሳችሁ የፓርኩን ጠባቂዎች የት መሄድ እንደሚቻል ጠይቁ። ስኖው ሌክን የግድ ካላችሁ መጀመሪያ የናዳ ኮርስ ውሰዱ ወይም የሰለጠነ መሪ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ በስልክ «ሂዱ» አልልም።

ከፌደራል ዌይ፦ ሰሜን ተራሮች ላይ ራስ ዳሸን ወጥቻለሁ። ይህ ምን ያቅተኛል?

ሳንባዎ አያቅተውም። ራስ ዳሸን ግን ትንበያ አላስነበበዎትም። ከላይ ያለውን መልስ ሁለት ጊዜ ያንብቡ።

ከሲያትል፦ ትንሽ አረቄ ይዘን ብንወጣ ለብርዱ አይረዳም?

አይረዳም። የሚሞቅዎት ደሙ ወደ ቆዳ ስለሚሮጥ ነው። ያ ሙቀት ደግሞ ከሆድዎ ወጥቶ ወደ ውጭ የሚሄድ ነው፤ ፊትዎ እየጋለ ሰውነትዎ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ጃኬቱ ይወልቃል፣ ፍርድ ይዛባል፣ «ትንሽ እንቀጥል» ይመጣል። በዲሴምበር ሲያትል ላይ ፀሐይ 10 ሰዓት ከ20 አካባቢ፣ በፈረንጅ ከቀኑ 4:20፣ ትጠልቃለች። በቴርሞስ ሻይ ይያዙ። አረቄው ቤት ስትመለሱ፣ የሚነዳው ሰው ሳይቀምስ።

ከበረን፦ የገናን ጾም እጾማለሁ፤ እስከ 9 ሰዓት አልቀምስም። ቅዳሜ ጠዋት ከቡድን ጋር ብወጣስ?

ባዶ ሆድ በረዶ ላይ አልወስድዎትም። ሰውነት የሚሞቀው በምግብ ነው፤ ስኖውሹ ደግሞ ከተራ እግር ጉዞ የበለጠ ያቃጥላል። የሚሻለው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ቀምሰው አጭር ዙር ማድረግ ነበር፤ ግን ይመሽብዎታል። ከጾሙ በኋላ ጃንዋሪ ላይ ይምጡ፤ በረዶውም ያኔ ይበልጣል። ከዚያ በፊት ከፈለጉ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ያ የእኔ ሥራ አይደለም። ከፈቀዱልዎ በሶና ቆሎ ይያዙ። ሁለቱም የጾም ናቸው፤ ቆሎ ደግሞ አይቀዘቅዝም። ከፋብሪካ ቸኮሌት ይሻላል፤ እሱ በረዶ ላይ ጥርስ ይሰብራል።

ከኦበርን፦ ያገለገለ ብገዛ ምን ልይ?

የስኖውሹን ወለል አጥፈው ይመልከቱ፤ ስንጥቅ ካለ ይተዉት። ሪቬቶቹ፣ ክፍሎቹን የያዙት የብረት ምስማሮች፣ አይነቃነቁ። ማሰሪያውን ይለጥጡት፤ ከደረቀና ከነጣ ይበጠሳል። ጊዜው ማርችና ኤፕሪል ነው፤ ያኔ ሱቁም ሰውም ዋጋ ይጥላል። ዱላውን ከልባሽ ሱቅ ይግዙ፣ ያረጀ የስኪ ዱላ ይበቃል።

ከቤልቪው፦ መንገዱ የተረገጠና ግግር ከሆነስ?

ያኔ ስኖውሹ አያስፈልግም። ጫማ ላይ የሚለጠጥ የሰንሰለት ጥርስ፣ ማይክሮስፓይክ የሚሉት፣ ይሻላል፤ ዋጋውም ያነሰ ነው።

ከዴ ሞይን፦ ስኳር አለብኝ፤ እግሬም አልፎ አልፎ ይደነዝዛል። ልጆቼ በስኖውሹ ካልወሰድንሽ ይሉኛል።

እማማ፣ የደነዘዘ እግር ብርድ ሲጎዳው አይነግርዎትም። ጣት ነጭ ሆኖ ሲጠነክር እርስዎ ላያውቁት ይችላሉ። ይህ የጫማ ምርጫ ጉዳይ አይደለም። መጀመሪያ ሐኪምዎ እግርዎን ይይልዎ፤ እኔ ምንም አልመክርም። ሐኪሙ «አይሆንም» ካለዎት ደግሞ ልጆቹ ሌላ መልስ ፍለጋ እኔ ጋ እንዳይደውሉ።